የሞተሩ ሠንጠረዥ ላይ ያለው 800 ግራም አዲስ አበባ ላይ ስንት ያነሳል? የኤፍ450 ኳድኮፕተር ዕቃ አመራረጥና የሞተር መስመር አዘረጋግ

ጥያቄ፦ አራት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። አምስት ኪሎ አካባቢ ሆነን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ኳድኮፕተር (ባለ አራት ሞተር ድሮን) እየገጣጠምን ነው። ያለን ዕቃ ኤፍ450 ፍሬም፣ አራት ኤ2212 1000 ኬቪ ሞተር (ኬቪ ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው)፣ አራት ባለ 30 አምፒር ኢኤስሲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ)፣ 1045 ፕሮፔለር (10 ኢንች)፣ ፒክስሆክ 2.4.8 (በረራውን የሚቆጣጠር ቦርድ) እና ፍላይስካይ አይ6 ሪሞት ከነሪሲቨሩ ነው። 500 ግራም መድኃኒት እንዲያደርስ አስበን 3ኤስ (ባለ ሦስት ሴል) 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ልንገዛ ነው። በተዋስነው 2200 ባትሪ ስንሞክረው ግን ከመሬት ሳይለቅ ወደ ጎን ተገለበጠና ሁለት ፕሮፔለር ሰበረ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የእኛ? መስመሩንስ እንዴት እንዘርጋ?

መልስ፦ ሁለት ችግር ነው ያለባችሁ። የተገለበጠው በአገጣጠም ስህተት ነው፤ ዕቃው ምንም ቢሆን ይገለበጥ ነበር። 500 ግራሙን ግን አገጣጠማችሁ ፍጹም ቢሆንም ይህ ዕቃ አይሸከመውም። ባትሪውን ገና ስላልገዛችሁ ከዕቃው ልጀምር።

የእነዚህ ሞተሮች ሠንጠረዥ በ1045 ፕሮፔለርና በ3ኤስ ባትሪ አንዱ ሞተር 800 ግራም ገደማ ያነሳል ይላል። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። እናንተ ያላችሁት 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101.3 ነው። 22 ዲግሪ በሚሆን ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ መደበኛው 1.225 ነው። ማለትም ፕሮፔለሩ ከሚቀዝፈው አየር ሩብ ያህሉ የለም። በእኩል ፍጥነት እስከዞረ ድረስ የሚያነሳውም በሩብ ይቀንሳል። አየሩ ስለሳሳ ሞተሩ ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚዞር ኪሳራው በከፊል ይካካሳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ስሌት የሠንጠረዡን ቁጥር በ0.78 አባዙት። 800 ግራሙ 620 ይሆናል፤ አራቱ ሞተሮች አንድ ላይ 2,480 ግራም።

አሁን ክብደቱን እንደምር። ፍሬሙ 282 ግራም፤ አራቱ ሞተሮች ከነፕሮፔለር መያዣቸው 240፤ አራቱ ኢኤስሲ 100፤ ፕሮፔለሮቹ 50፤ ፒክስሆኩ ከጂፒኤስ፣ ከፓወር ሞጁልና ከባዘር ጋር 110፤ ሪሲቨሩ 15፤ ሽቦ፣ ብሎንና ማሰሪያ 60። ያለ ባትሪ 860 ግራም ገደማ ሆነ ማለት ነው። የእናንተው ከዚህ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል ሁሉንም በኩሽና ሚዛን መዝኑና ጻፉት። 2200 ባትሪ ወደ 185 ግራም ስለሚመዝን ጠቅላላው 1,045 ይሆናል። የማንሳት ኃይሉ የክብደቱን 2.4 እጥፍ ነው፤ ይሄ በምቾት ይበራል።

ያሰባችሁትን ደግሞ እንየው። 5000 ባትሪ 380 ግራም ገደማ ነው፤ ከመድኃኒቱ 500 ግራም ጋር ጠቅላላው 1,740 ይደርሳል። 2,480ን ለ1,740 ስታካፍሉት 1.4 ብቻ ይወጣል። ኳድኮፕተር ሚዛኑን የሚጠብቀው አንዱን ሞተር ጨምሮ ሌላውን በመቀነስ ነው። አየር ላይ ለመቆም ብቻ ሞተሮቹ አቅማቸውን ሊጨርሱ ከተቃረቡ ነፋስ ሲመታው የሚጨምሩት የላቸውም፤ ባትሪው ሲዳከምማ ጨርሶ አይቀርላቸውም። ከ1.8 በታች አትውረዱ፤ ለተማሪ ሥራ 2 ቢሆን ይመረጣል።

ትልቁ ባትሪ ደግሞ ያሰባችሁትን ያህል ጊዜ አይሰጥም። አንድ ቦታ ቆሞ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ በፈጠነ መጠን ነው የሚያድገው፤ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ 2.8 እጥፍ ይሆናል። በግምት 1,045 ግራሙ 175 ዋት ቢወስድ ከ3ኤስ ባትሪ 16 አምፒር መሳብ ነው፤ የ2200ውን 80 በመቶ ብትጠቀሙ 6 ደቂቃ ተኩል ትበራላችሁ። 1,740 ግራሙ 375 ዋት ገደማ፣ 34 አምፒር ይፈልጋል፤ 5000ው 7 ደቂቃ ብቻ ያቆየዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሞተር ቆሞ በመንሳፈፍ ብቻ 8.5 አምፒር ይጠጣል፤ ኤ2212 ሳያቋርጥ ሊሸከመው ከሚችለው ከ10 አምፒር ገደማ ብዙም አይርቅም። የሳሳ አየር ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ መሆኑን አስታውሱ።

እኔ የምመክረው ባላችሁ ሞተር 3ኤስ 3300 ባትሪ፣ 270 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ገዝታችሁ ጭነቱን ወደ 150 ግራም እንድታወርዱ ነው። ጠቅላላው 1,280 አካባቢ፣ የማንሳት ኃይሉ ለክብደቱ ያለው ጥምርታ 1.9፣ የበረራው ጊዜ 7 ደቂቃ ይሆናል። መድኃኒት ማድረስ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት 150 ግራም ይበቃል፤ ጥቂት ፍሬ ኪኒን በካርቶን ነው። 500 ግራሙ የግድ ከሆነ የሚለወጠው ባትሪው ብቻ አይደለም። ፍሬሙ 550 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ 3508 መጠን ሆኖ ኬቪው ከ600 የማይበልጥ፣ ፕሮፔለሩ 13 ኢንች፣ ባትሪው 4ኤስ መሆን አለበት፤ ዕቃው እንደ አዲስ ሊገዛ ነው።

ፕሮፔለሩን ብቻ እናሳድገው የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በኤፍ450 ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሞተሮች መካከል 318 ሚሊሜትር አለ። 10 ኢንች ፕሮፔለር 254 ነው፤ 11 ኢንች 279 ስለሆነ ይገባል። ችግሩ ሞተሩ ነው። ፕሮፔለር በ10 በመቶ ሲረዝም በእኩል ፍጥነት የሚጠይቀው ኃይል በ60 በመቶ ይጨምራል፤ የአየራችን መሳሳት ሩቡን ቢመልስላችሁም 1000 ኬቪ ሞተር ላይ አሁንም ወደ 20 በመቶ ትርፍ ጫና ይቀራል። 920 ኬቪ ሞተር ቢሆን ኖሮ ያስኬዳል። እናንተ 1045ቱን አትልቀቁ።

መርካቶ ለመለዋወጫ ስትወጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤ2212 የሚባለው ሞተር ሽፋኑ አንድ ሆኖ ውስጡ ይለያያል። ባለ 13 ዙር ጥቅሉ 1000 ኬቪ፣ ባለ 10 ዙሩ 1400፣ ባለ 6 ዙሩ 2200 ነው። 1400 ኬቪውን ከ10 ኢንች ፕሮፔለርና ከ3ኤስ ጋር ካገናኛችሁት የሽቦው ቫርኒሽ እስኪሸት ብዙም አይቆይም። ከአራቱ አንዱ ተቃጥሎ ስትተኩ ቁጥሩን ሳታነቡ አትክፈሉ። ኢኤስሲም እንዲሁ፦ አራቱም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ዓይነት ሶፍትዌር የሚሠሩ ይሁኑ፤ ሲሞንኬና ቢኤልሄሊ የተቀላቀለበት ኳድ እኩል ትእዛዝ እየተሰጠው እኩል አይመልስም። ባትሪው ላይ የሚጻፈውን የሲ ቁጥር (የአቅሙን ስንት እጥፍ አምፒር መስጠት እንደሚችል የሚናገረውን) በተመለከተ፣ ርካሽ ባትሪ የጻፈውን በግማሽ ቁጠሩት። 3300 ባለ 30 ሲ በወረቀት 99 አምፒር ይሰጣል፤ 50 ቢሰጥ እንኳ ለእናንተ ይበቃል።

ወደ መስመሩ እንግባ። ከዚህ በኋላ እስከ በረራው ድረስ ያለው ሁሉ ፕሮፔለር ተፈትቶ፣ ከሞተሩ ወርዶ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። 10 ኢንች ፕላስቲክ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ሲሽከረከር ጣት ይቆርጣል።

የኤፍ450 የታችኛው ሳህን ራሱ የኃይል ማከፋፈያ ነው፤ የኢኤስሲዎቹ ቀይና ጥቁር ወፍራም ሽቦዎች እዚያ ላይ ነው በሶልደር የሚያዙት። መዳቡ ሙቀት ስለሚጠጣ 30 ዋት ሶልደሪንግ አይረን አይበቃውም፤ ቢያንስ 60 ዋት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሳህኑንም የሽቦውን ጫፍም ለየብቻ ሊድ አልብሷቸው፣ ከዚያ አገናኙ። የደረቀው ሊድ የሚያብለጨልጭና ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ ይዟል፤ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከቀረ አልያዘም፣ አየር ላይ ይለቃል። ለባትሪው መስመር 12 ወይም 14 ቁጥር ሲሊኮን ሽቦ ከኤክስቲ60 ሶኬት ጋር ተጠቀሙ። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ባለ 2.5 ካሬ ነጠላ ሽቦ እንዳታስገቡ፤ ውፍረቱ የሚበቃ ቢመስልም ንዝረት ሲበዛበት ከሶልደሩ ሥር ይሰበራል።

ሞተሩን ክንዱ ላይ ስታስሩ የብሎኑን ርዝመት ለኩ። ኤም3 ብሎን ክንዱን አልፎ ሞተሩ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ያህል ቢገባ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ የመዳብ ጥቅሉን ይነካል፣ ቫርኒሹን ይፍቃል፣ ሞተሩም ኢኤስሲውም አብረው ይሄዳሉ። ካሰራችሁ በኋላ ቴስተሩን በሚጮኸው ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በሞተሩ አካል፣ ሌላውን በሦስቱ ሽቦዎች ተራ በተራ አስነኩ። በየትኛውም መጮኽ የለበትም። ከጮኸ ብሎኑን ፈትታችሁ አሳጥሩት፤ ወይም ከሥሩ ሮንዴላ ጨምሩበት።

ከኢኤስሲ ወደ ሞተር የሚሄዱት ሦስቱ ሽቦዎች የግድ መያዝ ያለባቸው ተራ የላቸውም። እንደፈለጋችሁ አገናኟቸው፤ ሞተሩ በማይፈለገው አቅጣጫ ከዞረ ከሦስቱ የትኛዎቹንም ሁለት አቀያይሩ፣ አዟዟሩ ይገለበጣል። ቀይና ጥቁሩን የባትሪ መስመር ግን በፍጹም አታቀያይሩ፤ ያን ጊዜ ኢኤስሲው በአንድ ብልጭታ ያልቃል። ሞተሩ ሳይዞር እየተንቀጠቀጠ የሚንጫጫ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ ሽቦ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው። ጋዝ ጨምራችሁ ልታስነሱት አትሞክሩ፤ ጥይት የሚመስለውን የሽቦውን ሶኬት እንደገና ሶልደር አድርጉት። ሞተሩን ከጎረቤቱ ኢኤስሲ ጋር አገናኝታችሁ ብትሞክሩት ጥፋቱ የሞተሩ ይሁን የኢኤስሲው ወዲያው ይለያል።

የኢኤስሲው የሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ሶኬት ፒክስሆኩ ጀርባ ላይ ባለው ዋና መውጫ ከ1 እስከ 4 ይሰካል፤ ጥቁር ወይም ቡናማው ከላይ፣ የምልክት ሽቦው ከታች። ፒክስሆክ ኃይሉን ከፓወር ሞጁሉ ስለሚያገኝ የአራቱንም ኢኤስሲ ቀጭን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ አውጥታችሁ በሂት ሽሪንክ ወይም በናስትሮ ሸፍኑት። ጥቁሩን ግን አትንኩት፤ ያለ እሱ ምልክቱ ይዋዥቃል። ሪሲቨሩ ደግሞ ሲገዛ ለየቻናሉ የተለያየ ምልክት ነው የሚያወጣው፤ ሪሲቨራችሁ ፒፒኤም (ሁሉንም ቻናል በአንድ መስመር የሚልክ ምልክት) የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ የሪሲቨር ቅንብር ገብታችሁ እሱን አብሩና ከቻናል 1 በአንድ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ብቻ ከፒክስሆኩ የሬዲዮ መግቢያ ጋር አገናኙት። ብዙ ቡድን ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ይህን ሳያበራ ነው።

የመገልበጡ ምክንያት የሚገኘው እዚህ ነው። በአርዱፓይለት (ፒክስሆክ ላይ የሚጫን የበረራ ሶፍትዌር) የኤክስ ቅርጽ ኳድ ላይ ሞተር 1 የፊት ቀኝ፣ ሞተር 2 የኋላ ግራ ሲሆኑ ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራሉ። ሞተር 3 የፊት ግራ፣ ሞተር 4 የኋላ ቀኝ ናቸው፤ እነሱ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። ቤታፍላይት የሚባለው ሶፍትዌር ግን ሌላ ነው፤ 1 የኋላ ቀኝ፣ 2 የፊት ቀኝ፣ 3 የኋላ ግራ፣ 4 የፊት ግራ። ኬኬ2 ቦርድ ደግሞ ከፊት ግራ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ይቆጥራል። ከአንዱ ቪዲዮ ላይ የታየ ቁጥር ሌላው ቦርድ ላይ ሲሰካ ፒክስሆኩ የወደቀውን ጎን ላንሳ ብሎ ጋዝ ሲሰጥ ተቃራኒው ጎን ይነሳል፤ ስህተቱን ሊያርም ይጨምራል፣ በሰከንድ ውስጥ ይገለበጣል። የእናንተው ገለጻ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ለማረጋገጥ ሚሽን ፕላነር (ፒክስሆክን በኮምፒውተር የምታስተካክሉበት ፕሮግራም) ላይ ያለውን የሞተር ሙከራ ክፈቱ። እዚያ ያሉት ፊደሎች የሞተር ቁጥር አይደሉም፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄው ነው። ኤ ከፊት ቀኝ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ኤ ሞተር 1ን፣ ቢ ሞተር 4ን፣ ሲ ሞተር 2ን፣ ዲ ሞተር 3ን ማዞር አለበት። በየሞተሩ ራስ ላይ ትንሽ የናስትሮ ቁራጭ ለጥፋችሁ አዟዟሩን በዓይን እዩ። ቦታው ከተሳሳተ ፒክስሆኩ ላይ ያለውን ሶኬት አዘዋውሩ፤ ቦታው ትክክል ሆኖ አዟዟሩ ከተሳሳተ የሞተሩን ሁለት ሽቦ አቀያይሩ። ሁለቱን ጥገናዎች አታምታቱ። የፒክስሆኩ ቀስት ወደ ፊት ማመልከቱንም ተመልከቱ፤ ቀስቱ 90 ዲግሪ ዞሮ ሁሉ ነገር ትክክል ቢሆንም ይገለበጣል።

ፕሮፔለሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። 1045 ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለው ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል፤ ሞተር 1 እና 2 ላይ ነው የሚገባው። 1045 ካለ በኋላ አር የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ለ3 እና ለ4 ነው። ጽሑፉ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። የሞተሩ ዳዶ በተለመደው ጥርስ ስለሚጠብቅ በሰዓት አቅጣጫ በሚዞሩት፣ ማለትም በ3 እና በ4 ላይ፣ ፕሮፔለሩ ራሱ እየፈታው ይሄዳል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እነዚያን ሁለቱን በቁልፍ ፈትሹ።

መስመሩ ካለቀ በኋላ ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማገናኘታችሁ በፊት፣ ማለትም ከሞተር ሙከራውም አስቀድማችሁ፣ ከሶማሌ ተራ አንድ የፍሬቻ አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ ግዙ። በባትሪው ቀይ መስመር መሐል ሶልደር አድርጋችሁ አገናኙት። ሾርት ከሌለ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል፣ ኢኤስሲዎቹም ይጮኻሉ። ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ከ2 አምፒር ያነሰ ብቻ ስለሚያሳልፍ ምንም ሳይቃጠል ነቅላችሁ ትፈልጋላችሁ። በአምፖሉ በኩል ሞተር ማዞር ግን አይቻልም፤ ካረጋገጣችሁ በኋላ አውጡት።

ቀጥሎ ኢኤስሲዎቹን አስተካክሉ። የሪሞቱን ጋዝ ሙሉ አድርጉ፤ ባትሪውን ሰክታችሁ የፒክስሆኩ መብራት ቀለም ሲቀያይር ንቀሉት፣ ጋዙን ሳትቀንሱ እንደገና ስኩት፤ የደህንነት ቁልፉን ተጫኑ፤ ኢኤስሲዎቹ ሲጮኹ ጋዙን ወደ ታች አውርዱ። ረጅም ድምፅ ከተሰማ በኋላ አራቱም እኩል መነሳት አለባቸው። አንዱ ዘግይቶ የሚነሳ ከሆነ ድገሙት።

የሊፖ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ካረፈ በኋላ ሲለካ ከ3.5 በታች ወርዶ መገኘት የለበትም፤ ሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ላይ አድርጉት። 3300ውን በ3.3 አምፒር፣ በባላንስ (ሴሎቹን እኩል በሚሞላው ዘዴ)፣ ሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ ሙሉት፤ ሰው ሳይኖር አይሞላ። ያበጠ ባትሪ ሞልቶ መሞከር አይገባም። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ይህ ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 ስለሚያንስ በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ በሚጫነው ሻንጣ ግን አይፈቀድም።

ድሮን ማስገባትም ማብረርም ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሐል ከተማ ላይ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለአንድ ደቂቃ መሞከር እንኳ ዕቃውንም እናንተንም ሊያስይዝ ይችላል። ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ አጽፋችሁ ጥያቄያችሁን ለሚመለከታቸው አካላት፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጨምሮ፣ አሁኑኑ አቅርቡ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከሆነ አይደርስላችሁም። እስከዚያው ጂምናዝየም ወይም ሰፊ አዳራሽ ለምኑ። እዚያ ውስጥ በጂፒኤስ የሚሠሩ የበረራ ዘዴዎችን አትጠቀሙ፤ የኮንክሪቱ ብረት ኮምፓሱን ያዛባዋል፣ ሳተላይትም አይታይም። ስታቢላይዝ በሚባለው ብቻ አብርሩ።

እንዳያመልጥ ብላችሁ እግሩን በገመድ እንዳታስሩት። ገመዱ ሲይዘው ፒክስሆኩ ትእዛዜ አልሠራም ብሎ ኃይል ይጨምራል፤ ገመዱ ሲላላ ያ የተጠራቀመ ትእዛዝ ይገለብጠዋል። ይልቅ ሁላችሁም 5 ሜትር ርቃችሁ ከኋላው ቁሙ፤ አንዱ ሪሞት ይያዝ፣ አንዱ ሰዓት ይቁጠር። አንድ ሜትር ያህል አንሱትና 30 ሰከንድ አቁማችሁ አሳርፉት። ባትሪውን ነቅላችሁ አራቱንም ሞተሮች በጣት ንኩ። ጣት ለ5 ሰከንድ መቆየት ካልቻለ ሞተሩ ከመጠን በላይ ተጭኗል። አንዱ ብቻ ከሦስቱ ተለይቶ ከሞቀ ኩሽኔታው ወይም የታጠፈ ዘንግ ነው፤ ሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ከሞቁ ክንድ ተጣሞ ታስሯል፣ ኳዱም በራሱ ዙሪያ መዞር እየፈለገ ነው። ከዚያ ፒክስሆኩ የያዘውን የበረራ መዝገብ አውርዳችሁ የንዝረቱን መስመር እዩ፤ ከ30 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር በታች ከሆነ ጭነቱን በ50 ግራም፣ በ50 ግራም እየጨመራችሁ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ከ60 በላይ ከሆነ ፕሮፔለሮቹን ሚዛን አስተካክላችሁ ፒክስሆኩ ሥር ስፖንጅ እስክታደርጉ ድረስ ጭነት አትጫኑበት።